እትዬ ገና

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ጀውሃ ላይ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚበሉበት ምግብ ቤት በረንዳ ተቀምጬ ነው። የነገረኝ ከደብረ ሲና የወረደ እህል ነጋዴ ነበር። ወሬውን ከጨረሰ በኋላ ምርቃት ጨመረልኝ፦ «ሞትን ሳይፈሩ ነው አሉ የሄዱት።»

ጥብሴን ትቼ ሰውዬውን አየሁት። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የማይጨመርለት ነገር የለም። ንፉጉ ቸር ይሆናል፤ ጎረቤቱን በድንበር ሲከስስ የኖረው አስታራቂ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በየለቅሶ ቤቱ ሰምቼ፣ ራሴን ነቅንቄ አልፌአለሁ። የእትዬ አስካለን ግን ማለፍ አልቻልኩም። እኚህ ሴት የሚፈሩት ሞትን ብቻ አልነበረም። ያልታጠበ እጅ ይፈሩ ነበር፤ ክዳኑ የላላ ጠርሙስ ይፈሩ ነበር፤ ከሁሉም አብልጠው «ምንም አይደለም፣ አትፍሩ» የሚል ሐኪም ይፈሩ ነበር። በፍርሃታቸው እንጀራ በልተውበታል፤ ሰውም አድነውበታል። እሳቸውን ደፋር ማለት ስም ማጥፋት ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አልኩት።

«ሁሉም ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሁሉም አያውቃቸውም።»

ነጋዴው ተቀየመኝ። እኔም ጥብሱን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እትዬ አስካለ በሸዋ ሮቢት፣ በከተማችን ሆስፒታል፣ የላብራቶሪ ኃላፊ ነበሩ። ሥራቸው ከታማሚ የተቀዳ ደም ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ፣ ምግብና ሙቀት ሰጥቶ፣ ደሙ ውስጥ የተሸሸገ ባክቴሪያ ካለ እስኪበቅል መጠበቅ ነው። አንድ ቀን፣ «ገበሬው እንዲበቅል ይጸልያል፤ እርስዎ እንዳይበቅል» ብዬ ቀለድኩባቸው። አልሳቁም። «ተሳስተሃል። እኔ የምጸልየው ካለ እንዲበቅል ነው። ኖሮ አልበቅልም ያለ ነው ሰው የሚገድለው» አሉኝ።

ውጤት ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ከእሳቸው አፍ የሚሰማው አንድ ቃል ነበር፦ «ገና።» ሌላ አያክሉም፤ ፊታቸውም አይፈታም። ከተማው እንደ ልማዱ ስም አወጣላቸው፤ እትዬ ገና ተባሉ። አንድ ባለባጃጅ የልጁ ውጤት ዘግይቶበት፣ «እትዬ፣ ገና እኮ ታኅሣሥ ላይ ነው፤ አሁን ሰኔ ነው» ቢላቸው፣ «ለአንተ ልጅ ደም የተለየ የቀን መቁጠሪያ የለኝም» ብለውት በክርናቸው በሩን ዘጉበት።

በር የሚከፍቱትም የሚዘጉትም በክርን ነበር። እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ገና እንደታጠበ ሰው ከሁሉም ነገር አርቀው ይሄዳሉ። ባጃጅ ውስጥ ብረቱን ስለማይጨብጡ በየመታጠፊያው አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ላይ ይወድቃሉ። «ይቅርታ፣ ከእኔ በፊት ብረቱን ማን እንደያዘው አላውቅም» ይላሉ። የወደቁበት ሰው ማን እንደሆነ ማወቃቸውን ግን እጠራጠራለሁ።

ፍርሃትን የሚያከብር አገር አይደለንም። «ፈሪ ለእናቱ» እንላለን፤ እናቱን የጠየቃት ግን የለም። ፈሪ ልጇ ከቤት እንዲገባላት የማትፈልግ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ስለ ጀግና ነበር፤ እኔም በመጣጥፎቼ ጀግንነትን ሳሽሟጥጥ ኖሬአለሁ። በምትኩ የማስቀምጠው ግን አልነበረኝም። እትዬ አስካለን እስካውቅ ድረስ ፍርሃት ሙያ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም ነበር።

ያወቅኋቸው በታናሽ እኅቴ በሉባባ ምክንያት ነው። ሉባባ ማሾና ሽንኩርት ትነግድ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ እናታችን የምታስጠብቃቸው ፍየሎች ነበሩን። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አዘውትሮ ያማት ነበር፤ ጉልበቷም ያብጥ ነበር። «እያደገች ነው» ተባለ። ያ የጉሮሮ ሕመም ልቧ ድረስ ዘልቆ ደም ከሚያሳልፉት የልቧ በሮች አንዱን እንዳበላሸው ያወቅነው ካደገች በኋላ ነው።

አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ትኩሳት ያዛት። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ አንድ ስም ነው ያለው፤ ወባ። ተመረመረች፤ ወባ የለባትም ተባለ። ሰፈሩ ግን ለወባው ጠበቃ ቆመ፤ «ተደብቃ ነው እንጂ ወባ ናት» አሉ። ወባው ሲሰለች ታይፎይድ ተባለ፤ ታይፎይዱ ሲሰለች ደግሞ ብርድ ነው ተባለ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ! እሷ ግን እየከሳች ሄደች። ማታ ማታ ትኩሳቱ ይነሳል፤ ላብ አንሶላውን ያርሰዋል፤ ወገቧን ይዛ ትቀመጣለች። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት፣ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ትላለች። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ውጤት ተቀብሎ ይሄዳል።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አስቀምጦ ብዙ ቆየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ለልብ አልትራሳውንድ ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ላካት። ይዛው የመጣችው መልስ ይህ ነበር፤ በተበላሸው የልቧ በር ላይ ባክቴሪያ ተተክሎ እንደ ሥጋ ያለ ነገር አብቅሏል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይወዛወዛል። ከዚያ ላይ ቁራጭ ከተበጠሰ ወደ አንጎሏ ሊሄድ ይችላል። ባይበጠስ እንኳ በሩን እየበላው ነው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ሉባባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ከአንዲት ሴት ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ትከራከር ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱ የልቧ ምት ለእኔ የሚያስፈራ ሆነ።

ላይኛው ሆስፒታል አልጋ ስላልነበረ ሕክምናውን እዚሁ እንድትጀምር ተወሰነ። መጀመሪያ ግን ደሟ መቀዳት ነበረበት። እትዬ አስካለ ራሳቸው መጡ። ክንዷን አልኮል ቀቡት፤ ሌላ ነገር ደገሙበት፤ ከዚያ ቆሙ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«እስኪደርቅ ነው። አንተ ምኗ ነህ?»

«ወንድሟ። ጸሐፊ ነኝ።»

«እንግዲያው መጠበቅ ታውቃለህ። ከአልጋው ራቅ በል።»

ከአንዱ ክንድ ቀዱ፤ ከሌላው ቀዱ፤ ቆይተው ተመልሰው ደግሞ ቀዱ። እናቴ ፋጡማ ከአልጋው ግርጌ ሆና በደቀቀ ድምፅ፣ «ጨረሳችኋት እኮ» ትላለች። እትዬ አስካለ ዘወር አሉ።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳለች?»

«ኧረ አልወሰደችም።»

«ምንም?»

«ወላሂ ምንም። ሐኪም ሳያዝላት መድኃኒት የምሰጣት ምን በወጣኝ?»

ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሐኪሙ መርፌ አስጀመራት። «ለጊዜው በግምት ነው፤ ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች የሚገድል ነው» አለኝ። ግምት የሚለውን ቃል በጽሑፌ ስንት ጊዜ በቀላሉ እንደጻፍኩት አስታወስኩ። በእኅቴ ደም ሥር ሲገባ ሳየው ሌላ ቃል ሆነብኝ።

ውጤቱን ልጠይቅ ሄድኩ። «ገና።» ደግሜ ሄድኩ። «ገና።» ጠርሙሶቹ ምንም አላበቀሉም። ትኩሳቷም አልለቀቀም።

«መድኃኒት እየተሰጣት አይደል? ስሙን ማወቁ ምን ይጨምራል?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ተናድጄም ፈርቼም።

«ሽንኩርት ሲደርቅብህ ትል ይሁን ሻጋታ ሳትለይ ትረጫለህ?»

«እዚህ አገር? አዎ።»

«እሱማ ነው ነገሩ» አሉና መነጽራቸውን በትከሻቸው ገፋ አደረጉ። «የእኅትህ ልብ ግን በሚቀጥለው መስኖ የሚተከል አይደለም።»

ነገሩ የተገለጠው በወሬ ነው። ሉባባ አጠገብ የተኛች ልጅ እናት ስለ ልጇ ትኩሳት ስታማርር፣ እናቴ ምክር ትሰጣት ጀመር። «ባለ ሁለት ቀለሟን ካፕሱል ግዢላት። ማታ አንድ፣ ጠዋት አንድ። እኔ ለሉባባ እሷን ነበር የምሰጣት፤ ትኩሳቱን ቀጥ ታደርገዋለች፤ ስትተዋት ነው የሚመለሰው።»

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። እጆቻቸው እንደታጠፉ ቀስ ብለው ገቡ።

«እማማ ፋጡማ፣ መድኃኒት አልወሰደችም ብለውኝ ነበር።»

«አልወሰደችም።»

«ካፕሱሏስ?»

«ካፕሱል ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ?» አለች እናቴ፣ ከልቧ ተገርማ። «ከሱቅ የሚገዛ! መድኃኒትማ ካርድ ወጥቶለት፣ ታዝዞ፣ በመርፌ ነው።»

እናቴ አልዋሸችም። በእኛ ሰፈር መድኃኒት ማለት ሐኪም ፊት ተቀምጠህ የምታገኘው ነው። ካፕሱል ግን እንደ አብሽ፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ የቤት ዕቃ ነው፤ ጎረቤት ይበዳደረዋል። በአላህ ስም ስትምል የማለችው ለዚያ ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ የእሷ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ተገኘ! ካፕሱሏ ናት ባክቴሪያውን አዳክማ ከጠርሙሱ የሸሸገችብን። ስለዚህ ያለው ሕክምና ትክክል ነው፤ እንቀጥላለን።» እኔም ተነፈስኩ። እናቴ ተቆጥታም ቢሆን ተነፈሰች። ሉባባ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ያልተነፈሱት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ።

«ጥሩ መልስ ነው። ሁላችንንም አሳረፈን» አሉ።

«ታዲያ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«የሚያሳርፍ መልስ እፈራለሁ። ካፕሱሏ እውነት ትሆናለች። ግን ካፕሱሏ ባትኖርም ቶሎ የማይበቅሉ አሉ። እነዚያ ከሆኑ ይህ መርፌ አይነካቸውም። እኛ እዚህ ተደስተን ቆመን፣ በሩ እየተበላ ነው።»

ሐኪሙ ከእሳቸው ጋር መከራከር የት እንደሚያደርስ ስለሚያውቅ ወደ ሌላ ታማሚ ዞረ። ያልበቀለ ጠርሙስ ጊዜው ሲያልፍ ይጣላል፤ ደንቡ ያ ነው። እትዬ አስካለ የሉባባን ጠርሙሶች አላስጣሉም። «ቦታ ይይዛሉ» ያላቸውን ባልደረባቸውን፣ «እሷም አልጋ ይዛለች» አሉት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ማስታወስ አልወድም። ሉባባ ቃል ስትስት፣ አጠራሯ ሲኮላተፍ፣ ቁራጩ አንጎሏ ደረሰ ብዬ ቀና እላለሁ፤ ምራቋን ውጣ ነው። እጇ ሲደነዝዝ ልቤ ይቆማል፤ ተኝታበት ነው። ዘመድ እየመጣ፣ «አይዞህ፣ አትፍራ» ይለኛል። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ከዚያ ወጥተው ምሳ ይበላሉ።

አንድ ረፋድ እትዬ አስካለ ደም ሊቀዱ ሲመጡ እናቴ ለሉባባ ወተት እያጠጣቻት ነበር፤ ከቅል፣ ጭሱ ከሩቅ የሚሸት። እትዬ አስካለ ቆሙ።

«ይህ ከየት ነው?»

«ከፍየሎቻችን ነዋ። ደሟን እየቀዳችሁ ጨረሳችኋት፤ ምን ልስጣት?»

«ተፈልቷል?»

«ወተት ይፈላል እንዴ? ሻይ ነው?» አለች እናቴ። «በወይራ የታጠነ ነው። ቅሉን አሽትቺው እስቲ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ንጽሕና አለ?»

እትዬ አስካለ አንድም ቀን ያላደረጉትን አደረጉ፤ ሉባባ አልጋ ላይ ተቀመጡ። እጆቻቸው ተፈትተው ጉልበታቸው ላይ ወደቁ።

«እማማ፣ ፍየሎቹ ዘንድሮ ጨንግፈዋል?»

የመለሰችው ሉባባ ናት። «ብዙዎቹ ጨንግፈዋል እትዬ። ዓይን ነው አሉን። የሞተውን ግልገል እየጎተትኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«በእጅሽ?»

«በምን ላውጣው ታዲያ?»

«በስመ አብ» አሉ እትዬ አስካለ፣ በጣም ዝግ ብለው። ቅሉን ከእናቴ እጅ ወሰዱ፤ ብረት የማይጨብጡት ሴት ቅሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ። እናቴ ከኋላቸው፣ «ወተቱን ምን ልታደርገው ነው?» አለች።

ተከትያቸው ሄድኩ። ላብራቶሪው ውስጥ አላስገቡኝም፤ በመስኮቱ መስታወት አየሁ። ከሉባባ ጠርሙሶች በአንዱ ውስጥ ያለው ደም መልኩ ተለውጧል ተብሎ፣ ከዚያ የወሰዱትን ጠብታ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ላይ አብቅለው ነበር። ባልደረባቸው ሳህኗን አንስቶ ክዳኗን ገልጦ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ደረሱ። ባክቴሪያን በጠረኑ መለየት የድሮ የሙያ ልማድ ነው፤ የሚኮሩበትም አሉ። እትዬ አስካለ እጁን ይዘው ሳህኗን ዘጉ። ድምፃቸውን በመስታወቱ ውስጥ ሰማሁት።

«አፍንጫ ለወጥ ነው። ይህ ያሰብኩት ከሆነ በትንፋሽህ ነው የሚገባው።»

ሰውየው ወደኋላ ሲል ወንበር ጣለ። እትዬ አስካለ ሁለት ጓንት ደርበው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ አየር ወደ ውስጥ በሚስበው የመስታወት ሣጥን ሥር ጥቂት ወሰዱና ቀለም አስነክተው በማይክሮስኮፕ አዩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እያንቀጠቀጣቸው አንድም ጠብታ አላፈሰሱም። ይህን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ የማይፈራ እጅ ያን ያህል የሚጠነቀቅ አይመስለኝም።

ቆይተው ወደ መስኮቱ መጡ።

«ደቃቅ ናቸው» አሉኝ። «እንደ ተፈጨ አሸዋ። ብሩሴላ ይባላል። ከከብት፣ ከፍየል፣ ካልፈላ ወተት ነው የሚመጣው። ከደሟ ተለይቶ የተመረመረው ውኃም ይህንኑ ነው የሚለው። ለማረጋገጥ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ፤ መድኃኒቱ ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ።»

«እንግዲህ አወቅነው ማለት ነው» አልኩ። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ስሙን በል።»

«ምን?»

«ስሙን ድገምልኝ።»

«ብሩሴላ።»

«አሁን የምትፈራውን ታውቃለህ። ከዚህ በፊት የፈራኸው ጨለማውን ነበር። ይህኛው የባሰ ነው፤ ልብ ላይ ከወጣ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ብቻ አይለቅም። ግን ስም አለው።»

ከአዲስ አበባም ያው ስም መጣ። መርፌው ተለወጠ፤ ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘ። እትዬ አስካለና ባልደረባቸው ለሳምንታት ጠዋትና ማታ ትኩሳታቸውን ይለኩ ነበር፤ አልያዛቸውም። ሉባባ ግን የተበላው በር መለወጥ አለበት ተባለች፤ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ልቧ ተከፍቶ።

እናቴ አልሰማም አለች። ዘመድ ተሰበሰበ፤ «አትፍሪ» አላት። ወጣቱ ሐኪም፣ «አይፍሩ እማማ፣ ዛሬ ቀላል ሆኗል» አላት። እሷ ግን በተናገሯት ቁጥር የሉባባን እግር አጥብቃ ትይዛለች። ዋናው አደጋ አሁን ባክቴሪያው ሳይሆን ይህች አሮጊት ሆነች፤ ልጇን ከሞት የምትጠብቅ መስሏት በሩ ላይ የቆመች። ሉባባ እናቷን ሳታስፈቅድ የምትሄድ ልጅ አይደለችም። ያን ሁሉ መጽሐፍ ካነበብኩት ከእኔ አፍ አንድም የሚረባ ቃል አልወጣም።

እትዬ አስካለ መጥተው ከፊቷ ቆሙ።

«እማማ ፋጡማ፣ አይፍሩ አልልዎትም። እኔ ራሴ ፈርቻለሁ።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ብትሄድ ያስፈራል። ላትመለስም ትችላለች፤ ይህን አልደብቅዎትም። እዚህ ብትቀር የሚሆነውን ግን አይቼዋለሁ፤ እሱን የበለጠ እፈራለሁ።»

«አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

የማንን እንዳዩ እናቴ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሩም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ እናቴ የሉባባን እግር ለቀቀች።

«እስከ ዛሬ አትፍሪ ያለኝ ሁሉ ልጄን ደህና አድርጎ አላያትም» አለች። «አንቺ ፈርተሽላታል ልጄ። እንግዲያው ትሂድ።»

ሉባባ ሄደች፤ ተከፈተች፤ ተመለሰች። የተመለሰችው የብረት በር ይዛ ነው። ጸጥታ ባለበት ክፍል ውስጥ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት። እናቴ መጀመሪያ የሰማች ለት ሰዓት የት እንዳለ ፈልጋለች። እትዬ አስካለ ሊጠይቋት ቤት ድረስ መጡ። ቤቱ ሙሉ እንግዳ ነበር፤ ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም «አለፈ» ይላል። እሳቸው ሁሉንም ዝም አሰኙና ጆሯቸውን ወደ ሉባባ ደረት አስጠግተው አዳመጡ። ያን ጊዜ ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ ሰው ከገደል አፋፍ ላይ የተኛ ሕፃን ሲያይ እንዲያ ነው።

«አላለፈም» አሉ ሲነሱ። «የብረት በር ባክቴሪያ ይወዳል። ትኩሳት ቢመጣብሽ ወባ ነው የሚልሽን ሁሉ አትስሚ። ምንም ሳትውጪ፣ ቀጥታ ወደ እኔ።»

ሉባባ፣ «እሺ እትዬ» አለች። እሺ ያለችውንም ስትፈጽም ኖረች፤ ትንሽ ሲያተኩሳት በባጃጅ ትሄዳለች፤ ደም ትሰጣለች፤ «ገና» ተብላ ትመለሳለች፤ ከቀናት በኋላ «የለም» ይሏታል። ጡረታ ወጥተው ደብረ ሲና ከገቡ በኋላ እንኳ በስልክ ትጠይቃቸው ነበር። ብዙ ሰው የሚያጽናናውን ይፈልጋል። የእኛ ቤት በስልክ የሚፈልገው የሚፈራለትን ሰው ነበር። እትዬ አስካለ ከሌላው ሰው ሁሉ ያነሰ ደግ ቃል ተናግረውናል፤ ዘመድ የምላቸው ግን እሳቸውን ነው።

ወሬውን በሰማሁ ማግሥት ለቅሶ ሄድን፤ እኔ፣ እናቴና ሉባባ። ደብረ ሲና ጉም ለብሳ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ የሉባባ ልብ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል አጠገቧ ያሉት ለቀስተኞች ሰዓታቸውን አዩ። እዚያም «ሞትን ሳይፈሩ ሄዱ» ሲባል ሰማሁ፤ ማንንም ላርም ብዬ ግን አልተነሳሁም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሙሉ ነበር። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ሰው ጋቢውን ያወልቃል፤ ልጆች መስኮት ይከፍታሉ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሉባባ ትከሻዬ ላይ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ ሞቀኝ» አለች።

ሾፌሩ ሰምቷት ኖሮ በመስታወቱ አይቶ ሳቀ። «ቆላው ነው እትዬ። ሁላችንንም ሞቆናል።»

አንገቷ ላይ እጄን አደረግኩ። ይሞቃል። የራሴን አንገት ነካሁ፤ እሱም ይሞቃል። የእናቴንም። በዚያ መኪና ውስጥ የማይሞቅ ሰው አልነበረም፤ የቱ የአገሩ ሙቀት፣ የቱ የደሟ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ስልኬን አወጣሁ። ለማን እንደምደውል ሳስብ ቆይቼ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

እናቴ በመቀመጫው ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብላ የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረገች።

«ልጄ፣ ቤት አንሄድም። ሆስፒታሉ በር ላይ አውርደን።»

«ምን ሆናችሁ እማማ?»

«ምንም አልሆንንም» አለች። «ፈርተን ነው።»